ስልሳ ኩንታል ለሁለት እህቶች

ውድ እህቴ ሎርና፣

ደርሻለሁ። ይህን የምጽፍልሽ ኤስፐራንስ ላይ፣ ባሕሩ ፊት ለፊት፣ በተጎታች ቤታችን፣ በካራቫናችን በር ላይ ተቀምጬ ነው። መኪናዋም ደርሳለች፤ ካራቫኑም አንድ ሲኒ ሳይሰነጠቅበት ደርሷል። በስልክ ልነግርሽ ደጋግሜ ሞክሬ ነበር። ነገር ግን ገና «ኪሎ» የምትለዋ ቃል ከአፌ ስትወጣ ትዘጊብኛለሽ። ደብዳቤ ደግነቱ ቢዘጋም ተመልሶ ይከፈታል።

አውቶቡሱ ላይ እግርሽን አንስተሽ ያልሽኝን አልረሳሁትም። «ያ ተጎታች ቤተ መንግሥት ሜዳውን ከተሻገረ፣ አንቺም በሕይወት ከደረስሽ፣ ያን ጊዜ አውሮፕላን ተሳፍሬ እመጣለሁ። ከዚያ ወደ ሰሜን እስከፈለግሽበት አብሬሽ እሄዳለሁ። እስከዚያ ግን በዚህ ነገር ላይ ዳግመኛ እግሬን አላደርግም።» ይኸው ተሻገረ። እኔም ዕድሜ ልኬን ተማሪዎቼን መልሱን ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም አሳዩኝ ስል ስለኖርኩ፣ ላንቺም አሠራሩን አሳይሻለሁ። ታግሰሽ አንብቢው። ሻይ አፍልተሽ ብታነቢው ደግሞ ይሻላል።

ባልሽ ኪት ከተቀበረ በኋላ ናቲሙክ በሚገኘው ቤትሽ ወጥ ቤት ውስጥ የተባባልነውን ታስታውሻለሽ። ምዕራቡን ጠረፍ ይዘን ወደ ላይ፣ ሙቀቱ እስኪያቃጥለን ድረስ እንሂድ አልን። እኔ «በሚቀጥለው ዓመት» ስል አንቺ «በኛ ዕድሜ የሚቀጥለው ዓመት የሚባል አገር የለም» አልሽኝ። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ አንድ ጠዋት ደጃፌ ላይ ጥሩምባ ተነፋ።

«ነሪ! ውጪና እዪ!»

ወጣሁ። የወንድማችን ልጅ የጭነት መኪና ከኋላው ያንን ነጭ ካራቫን ጎትቶ ቆሟል። ምድጃ አለው፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለው፤ ሰው እንደ ልቡ የሚገላበጥበት አልጋ አለው። አንቺ መጋረጃውን ስትገልጪ እኔ ጎንበስ ብዬ በሩ ሥር የተመታችውን፣ ክብደቱ የተጻፈባትን የብረት ሰሌዳ አነብ ነበር።

«ጉድ እኮ ነው! ሰው ሙሽራ ሲያይ ፊቷን ያያል፤ አንቺ የጫማዋን ቁጥር ታያለሽ!»

«ጫማው ከጠበባት ሙሽራዋ አትራመድማ።»

«ሻጩ ነግሮኛል። የአንቺ መኪና ሠላሳ አምስት ኩንታል ትጎትታለች፤ ይሄ ደግሞ ተጭኖም ከሠላሳ አራት አያልፍም። ምን ቀረሽ?»

የመኪናዬ መመሪያ መጽሐፍም ሠላሳ አምስት ይላል፤ ሰውየው አልዋሸም። ከመነሳታችን በፊት አንዴ እንመዝነው ብዬሽ «ስንመለስ እንመዝነዋለን» አልሽና ሳቅሽ። ኪት ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቂ ሰምቼሽ አላውቅም ነበር። ሚዛኑን ለጊዜው ተውኩት፤ አልረሳሁትም ግን።

መንገድ ስንጀምር መኪናዋ ከኋላ ቁጢጥ ብላ፣ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አንስታ ነበር የምትሄደው። አመሻሹ ላይ የፊት መብራታችን አስፋልቱን ትቶ የባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ ያሉ ወፎችን ያባንን ነበር። መሪው እጄ ላይ እንደ ላባ ቀለለኝ። መሪ ሲቀል ደግሞ ደስ አይበልሽ፤ የፊት ጎማዎች መሬቱን በደንብ አልረገጡም ማለት ነው። ፖርት ኦገስታ ካራቫን ማቆሚያ ስንደርስ ያ ባለ ቁምጣ ጎረቤታችን ቢራውን እንደያዘ መጥቶ ምክሩን ለገሰን። «ሸክሙን ወደ ካራቫኑ ጅራት ውሰዱት፤ መኪናዋ ይቀልላታል» አለ። አንቺም ጄኔሬተሩን፣ ሁለቱን የነዳጅ ጀሪካኖች፣ ብስክሌቶቹን ሁሉ ከኋላው ብረት ላይ ጠፍረሽ አሰርሽ። መኪናዋ ቀና አለች።

«አየሽ? ሒሳብ አላስፈለገም!» አልሽኝ።

እዚህ አገር ካራቫን የሚጎትት ሰው ሁሉ አንዴ የሚሠራው ስሕተት ይኸው ነው። መኪና ቀና ሲል ጭነቱ የተስተካከለ ይመስላል። ካራቫን ግን ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን በአፍንጫው መኪናው ላይ መጫን አለበት። አፍንጫው ከቀለለና ጅራቱ ከከበደ፣ የሚነካው ነገር እስኪመጣ ብቻ ነው ዝም የሚለው።

የነካው ኪምባ ከተማን አልፈን ነው። ትንሽ ቁልቁለት ላይ ነበርን። ባለ ሦስት ተሳቢው የጭነት መኪና ከፊታችን መጣ፤ ሲያልፈን ነፋሱ በጥፊ መታን። በስፖኪዮው ውስጥ የካራቫኑ ጅራት ወደ ግራ ሲሄድ አየሁ፤ ከዚያ ወደ ቀኝ፤ ከዚያ ወደ ግራ ከበፊቱ ሰፍቶ። መኪናዋ በጅራቷ እንደተያዘች ድመት ተንገላታች። አንቺ አልጮህሽም። ዝቅ ባለ ድምፅ «ነሪ» ብቻ አልሽ።

ፍሬኑን አልረገጥኩም። ብረግጥ ካራቫኑ ከኋላ ይገፋንና መንገዱ ላይ እንተጣጠፍ ነበር። እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳሁ፤ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፤ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለችውንና የካራቫኑን ፍሬን ብቻ የምትይዘውን ትንሽ ማንሻ በጣቴ ገፋኋት። ካራቫኑ ከኋላ እንደ መልሕቅ ጎተተን። መወዛወዙ ጠበበ፤ ቀጥ አለ። ጠጠሩ ላይ አወጣሁትና ቆምን።

አንቺ ወርደሽ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ስንዴውን ትመለከቺ ጀመር።

«ሻይ እናፍላ» አልሽ በመጨረሻ።

አፈላን። ሲኒዬን በሁለት እጄ ጭብጥ አድርጌ ያዝኩ። ዛሬ ልንገርሽ፤ ከአንቺ ባልተናነሰ ፈርቼ ነበር።

ከዚያ ዉዲና ገባን። የመኸር ወቅት ስለሆነ ስንዴ የጫኑ መኪኖች በጎተራዎቹ ፊት ተሰልፈው ነበር። ወደ ምድር ሚዛኑ ስንታጠፍ «አደራሽን ነሪ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ» አልሽ። የሚዛኑ ኃላፊ ሬሊን በመስኮቷ ብቅ አለች።

«እናንተ ደግሞ ምንድን ነው የጫናችሁት? ስንዴ ነው ገብስ?»

«የእህቴን ጥርጣሬ» አልሻት። ሬሊን እስክታነባ ሳቀች።

ሦስት ጊዜ መዘንን። መጀመሪያ መኪናዋና ካራቫኑ አንድ ላይ። ቀጥሎ ካራቫኑ እንደተያያዘ የመኪናዋ ጎማዎች ብቻ። በመጨረሻ ካራቫኑን ፈትተን መኪናዋን ለብቻዋ። የሁለተኛውና የሦስተኛው ልዩነት ካራቫኑ በአፍንጫው የሚጫነንን ይነግረናል። ከኋላችን የተሰለፈው ገበሬ ጥሩምባውን ነፋ።

«እሜቴዎች! ስንዴዬ እዚሁ በቀለብኝ እኮ!»

«ጊዜ ይፈጃል፤ እህቴ አስተማሪ ናት!» ብለሽ መለስሽለት። ያን ጊዜ ገና አልተቆጣሽም ነበር።

ሬሊን ቁጥሮቹን አነበበች። ሁለቱ አንድ ላይ ስልሳ አንድ ኩንታል ከሃያ ኪሎ። መጽሐፉ ከስልሳ እንዳያልፉ ይላል። አፍንጫው የሚጫነን አንድ ኩንታል ተኩል ብቻ፤ ቢያንስ የዚህ እጥፍ መሆን ነበረበት። ጄኔሬተሩንና ጀሪካኖቹን ወደ ፊት ብንመልሳቸው ደግሞ መኪናዋ ራሷ እንድትሸከም ከተፈቀደላት ሠላሳ አንድ ኩንታል ታልፋለች።

«እሺ ወደ ኋላ ስንጭነው ጅራቱን ይቆላል፤ ወደ ፊት ስንጭነው መኪናዋ ትንበረከካለች። የት እንጫነው ታዲያ፣ ጭንቅላታችን ላይ?» አልሽ። «ደግሞስ ሰውየው ሠላሳ አምስት ትጎትታለች ብሎኝ የለም እንዴ?»

«ትጎትታለች። ግማሹን መልስ ነው የሰጠሽ። ሁለቱ አንድ ላይ ከስልሳ ማለፍ ካልቻሉ፣ ካራቫኑ ሠላሳ አምስቱን ሲወስድ ለመኪናዋ ሃያ አምስት ነው የሚቀራት። ባዶዋን ሃያ ሦስት ተኩል ትመዝናለች። የሚተርፈው ለነዳጅ፣ ለአንድ ሰውና ለቦርሳው ነው።»

«ለአንድ ሰው?»

«ለአንድ ሰው።»

«እኔስ?»

እኔ ዝም አልኩ።

ሎርና፣ ያቺን ዝምታ ነው ይዘሽብኝ የሄድሽው። «እንግዲያው ትርፉ ጭነት እኔ ነኛ!» ብለሽ በሩን ወረወርሽው። ሬሊን የምታደርገው ጠፍቷት ጣሪያውን ታይ ነበር፤ ገበሬው እንኳ ጥሩምባውን ተወ። «ለማጠቢያ ማሽን ቦታ አለ፣ ለጄኔሬተር ቦታ አለ፣ ለእህቷ ቦታ የለም!» አልሽ፤ ሻንጣሽን አወጣሽ፤ የአደሌይድን አውቶቡስ ያዝሽ። እየተከተልኩ ላስረዳሽ ስሞክር «በሚዛን የምትናገሪ ሴት ነሽ» አልሽኝ። እውነትሽን ነው። ግን ያልሽውን ያህል ክፉ ሚዛን አይደለም የያዝኩት።

አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ካራቫኑን እዚያው ከተማ ማቆሚያ ውስጥ አስገባሁና ሥራ ጀመርኩ። ከካራቫኑ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ዕቃ አውጥቼ ሣሩ ላይ ደረደርኩ። ትልልቁን በመታጠቢያ ቤት ሚዛን፣ ትንንሹን ከጎረቤቴ በተዋስኩት የዓሣ ሚዛን እየሰቀልኩ መዘንኩ። ጎረቤቴ ሜርቭ ይባላል፤ ጡረታ የወጣ በግ ሸላች ነው፤ ሚስቱ ግዌንዳ ትባላለች። አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ሁሉም እንደ ልማዱ ታጣፊ ወንበሩንና መጠጡን ይዞ ሲወጣ የእኔ ዕቃ ትርዒት ሆነላቸው።

«እሜቴ፣ መጥበሻው ስንት ወጣ?» ይላል ሜርቭ።

«አራት ኪሎ።»

«ይሄማ መጥበሻ አይደለም፤ የባቡር ክፋይ ነው።»

የብረት ድስቶችሽን እየመዘንኩ ስስቅ ሰነበትኩ። ከሁሉ የከፋው ዕቃ ግን የአንቺ አልነበረም። አልጋው ሥር የደበቅኩት የመጻሕፍት ሣጥን ብቻውን ግማሽ ኩንታል ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሜርቭ ሚዛኑን ሁለቴ አየው።

«ግዌንዳ፣ ነዪ እዪ! መኪናዋን ያጎበጣት እህቷ አይደለችም፤ የአስተማሪዋ ዕውቀት ነው!»

ካራቫን ማቆሚያው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ለራስሽ እንድትስቂብኝ ይኸው ጽፌልሻለሁ።

ማጠቢያ ማሽኑን አስፈታሁት፤ በየከተማው የልብስ ማጠቢያ አለ። ጄኔሬተሩን፣ ብስክሌቶቹን፣ የነዳጅ ጀሪካኖቹን፣ ድንኳኑን፣ ድስቶቹንና መጻሕፍቴን በሙሉ፣ እንዲሁም ከመኪናዋ ጣሪያ ላይ ያለውን ብረትና የኋላ መሳቢያዎቹን ወደ ናቲሙክ በሚመለስ ባዶ የእህል መኪና ላኳቸው። የኪትን የመፍቻ ሣጥን ቤትሽ አስቀምጠውልሻል፤ አንድም አልጎደለም። ከሁለቱ የውሃ ጋኖች አንዱን አፈሰስኩት፤ ከጎማዎቹ በላይ ያለውን ሞልቼ ተውኩት። የቀረውን ከባድ ነገር ሁሉ ከካራቫኑ መሐል፣ ከጎማዎቹ ትንሽ ቀደም አድርጌ ወለሉ ላይ አሰርኩት። የላይኛው ቁም ሣጥን ውስጥ ከብስኩትና ከፎጣ በስተቀር ምንም የለም።

ከዚያ ወደ ሬሊን ተመለስኩ። ያ ገበሬ ዳግመኛ ከኋላዬ ቆሞ ነበር፤ ማመን አቃተኝ።

«መጡ ደግሞ!» አለ። «አሁንስ ስንዴውን እዚሁ አጭደዋለሁ!»

ሁለቱ አንድ ላይ ሃምሳ አምስት ተኩል። መኪናዋ ካራቫኑ ተጭኗት ሃያ ስምንት ከዘጠና ኪሎ፤ ከተፈቀደላት ሁለት ኩንታል በታች። አፍንጫው ሦስት ኩንታል፤ ከካራቫኑ ክብደት አንድ አሥረኛ፣ እንደ መጽሐፉ። ሬሊን በመስኮቱ ግማሽ አካሏ እስኪወጣ ተንጠራርታ «አለፍሽ፣ የኔ እናት! አለፍሽ!» ብላ ጮኸች። ገበሬው ጥሩምባውን ነፋ፤ ከኋላው ያሉትም ተቀበሉት። የስንዴ መኪኖች ሁሉ በአንድ ላይ ሲነፉ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም።

ከሴዱና ወዲህ ያለውን ሜዳ ታውቂዋለሽ፤ ዛፍ የሚባል ነገር የለም። በክልሎቹ ድንበር ላይ ምግብ የማያሳልፉት ተቆጣጣሪዎች ማሬንና ብርቱካኔን ወሰዱብኝ፤ እሱንም ከሒሳቡ ቀነስኩት። ኢውክላ ላይ ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ወረድኩ፤ ፍሬኑ እንኳ አልሞቀም። ማዱራ ላይ ዳገቱን ስወጣ መኪናዋ አጉረመረመች እንጂ አላቃሰተችም።

የፈራሁት የደቡቡን ነፋስ ነበር። ከካይጉና በኋላ፣ ያ መታጠፊያ የሌለው መንገድ ላይ መጣልኝ። ነፋሱ ከጎን፣ ባለ ሦስት ተሳቢው ከፊት፤ ልክ እንደ ኪምባው። ከሩቅ ሲመጣ ላቤ በጀርባዬ ወረደ። ፍጥነቴን ቀነስኩ፤ ጣቴን ከማንሻዋ አጠገብ አደረግሁ፤ ዓይኔን ስፖኪዮው ላይ ተከልኩ። አለፈኝ። ካራቫኑ ትከሻውን አንዴ ነቅነቅ አደረገና እንደ ጨዋ ልጅ ከኋላዬ ተከተለ። ሎርና፣ እዚያ ባዶ ሜዳ ላይ መስኮቱን አውርጄ ጮህኩ! አንዲት ኢሙ፣ ያቺ ሰጎን መሳይ ወፍ፣ ደንግጣ ሸሸች። ያደረግሁትን ብታዪ ኖሮ ለእናታችን ትነግሪብኝ ነበር።

ኤስፐራንስ ስገባ ማቆሚያው ጠባብ ነበር፤ ሰው ደግሞ ባልና ሚስት በምልክት ተጣልተው የሚያቆሙበትን ትርዒት ለማየት ወንበሩን አዙሮ ተቀምጧል። እኔ ምልክት የሚሰጠኝም የምጣላውም ስላልነበረኝ በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ አስገባሁት። ቅር አላቸው።

አሁን የመጨረሻውን ልንገርሽ። ዉዲና ላይ ሁለተኛ ስመዝን ጋቢናው ባዶ አልነበረም። ውሃ የሞላሁባቸው ጀሪካኖች ነበሩበት፤ ወንበሩ ላይና እግር ማስቀመጫው ላይ፣ በቀበቶና በገመድ ታስረው። ልክ አንቺን ያህል። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ ደብዳቤው በሌላ ሰው እጅ ሊገባ ይችላል። ገምቼ ትንሽ ጨመርኩበት፤ ይቅር በይኝ። ሻንጣሽንም ጨምሬያለሁ። ሜዳውን ሁሉ ይዤአቸው ነው የተሻገርኩት፤ ነፋሱንም ቁልቁለቱንም አብረው አዩት። ያላንቺ የተሠራ ሒሳብ ለእኔ መልስ አይሆነኝምና።

ያን ጊዜ ሚዛኑ ላይ «እኔስ?» ስትዪኝ ዝም ያልኩት አንቺን እየቀነስኩ አልነበረም። ምን ምን ብቀንስ አንቺ ከእኔ ጋር እንደምትጓዢ እያሰላሁ ነበር። ቀስ ብዬ የማስብ ሰው ነኝ፤ ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ ታውቂዋለሽ። አንቺ ደግሞ መልሱን ሳትጠብቂ በር ትወረውሪያለሽ። ሁለታችንም አሁን አንለወጥም።

ዛሬ ጠዋት ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ አወጣኋቸውና ውሃውን እዚህ ደጃፍ ላይ የደረቀ ቁጥቋጦ ሥር አፈሰስኩት። ጋቢናውን ጠርጌ ጨርቅ አለበስኩት። አሁን መኪናዋ ሚዛን ላይ ከተፈተነችበት በታች ቀልላ ቆማለች፤ እኔ ደግሞ ጎደሎ መኪና መንዳት አልወድም።

የአውሮፕላኑን ቀን ብቻ ጻፊልኝ። ቆሜ እጠብቅሻለሁ።

ቃልሽን የያዘችብሽ እህትሽ፣
ነሪዳ